እማማ ወለተ ሰንበት ቤት ስንት ሰው አለ?

ሰው ቤት ገብቶ «ብር የት ነው የምታስቀምጡት?» ብሎ መጠየቅ ሥራ ነው ብዬ ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኝ ቀርቷል። «ሌባስ ቢሆን መቼ እንዲህ ፊት ለፊት ይጠይቃል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን ሥራዬ ይኸው ነው። ሸጌ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሰቆጣ ነው። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለኝ፤ ቋሚ ሥራ ስላጣሁ ጥናት በመጣ ቁጥር በቀን አበል እየተቀጠርኩ መጠይቅ አስሞላለሁ። የውኃ ጥናት ሲመጣ ስለ ውኃ እጠይቃለሁ፣ የክትባት ሲመጣ ስለ ክትባት። ያን ጊዜ የመጣው የባንክ ደብተር ስለሌላቸው ቤቶች ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለ ጥናቱ ብዬ አይደለም። ጥናቱ አልቋል፤ ሪፖርቱም የሆነ ቢሮ ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው። የምጽፈው ደሃና ውስጥ፣ ከወረዳዋ ከተማ ከአምደ ወርቅ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ ጎጥ ስለማውቃት አንዲት ሴት ነው። ወለተ ሰንበት ትባላለች። በፊቷ አንቱ ነው የምላት፤ እዚህ ግን «እሳቸው» ብላት የራቀችኝ ስለሚመስለኝ «እሷ» እላለሁ። ስለሷ የሚወራ ወሬ አለ፤ ወሬው አንገፍግፎኛል።

መጀመሪያ የጥናቱን ነገር ላስረዳ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። ታብሌት ተሰጥቶናል። በየቤቱ ገብተን መጀመሪያ የቤተሰቡን ዝርዝር እንሞላለን፦ ስንት ሰው አለ፣ ለሥራ ርቆ የሄደ አለ ወይ። ቀጥሎ ገንዘብ የት እንደሚቀመጥ፣ ባንክ ለምን እንደማይኬድ። በመጨረሻ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሰው ይመረጥና በሱ ስም ደብተር ይከፈታል። የተመረጠው ሰው ከፋሲካ በኋላ ባለው ወር ውስጥ መታወቂያውን ይዞ አምደ ወርቅ በአካል መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ያ ቤት ይሰረዛል፤ ወደፊት በደብተር የሚመጣ እርዳታ ካለም ያልፈዋል።

አስተባባሪያችን ዓለምነህ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ከዚህ በፊት የሆኑ ልጆች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሰላሳ ቤት ከጭንቅላታቸው ሞልተው ተይዘውበታል። ከዚያ ወዲህ «የሞላችሁትን በሙሉ መጨረሻ ላይ ለሰውየው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት» ይላል። ድምፃችን በታብሌቱ ይቀዳል፤ ማታ እያዳመጠ ያርማል። እኔ በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ አንድ መጠይቅ ተመልሶብኝ አያውቅም። «የሸጌ መረጃ ውኃ አይገባበትም» ይባላል። ይህችን ሙገሳ እወዳት ነበር። አሁን ስሰማት ያቅለሸልሸኛል።

መጋቢት አሥር ቀን ነበር፣ ዐቢይ ጾም። መንገድ የሚያሳየኝ አያ ካሤ ይባላል፤ የጎጡ የቅሬ ዳኛ ነው። ቅሬ ማለት ያው ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናው ማኅበር ነው። አያ ካሤ ረጅም፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ጠዋቱን ሁሉ እያሳቀኝ አራት ቤት ጨረስን። አምስተኛው ቤት ሊታየን ሲል ግን ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ቆመና ዱላውን ተደገፈ።

«እዚህ ጋ ረጋ በይ፣ ሸጌ» አለኝ። «የምንገባው የወለተ ሰንበት ቤት ነው። አንድ ልጅ ነበራት፣ አሳምነው የሚባል። መተማ ሰሊጥ ቆረጣ ብሎ በመስከረም ወረደ። ወባ ያዘው። ጥር አሥራ ሦስት ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። አብሮት የነበረ የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ጋቢውን ይዞልን መጣ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። «እንዴት ሆኑ እናቱ?»

«አልነገርናትም።»

ነገሩ ገባኝ፤ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። መርዶ እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ገና ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ ከሰማ በነጋሪው ላይ ነውር ነው፣ በጎረቤቱም ላይ ነውር ነው። የወለተ ሰንበት ዘመድ ደግሞ አንድ ወንድሟ ብቻ ነው፤ ቄስ ወልደ ኢየሱስ ይባላል፣ ሰሃላ ነው የሚያገለግለው፣ የሁለት ቀን የእግር መንገድ። ሱባኤ ላይ ነው፤ ከፋሲካ በፊት ደብሩን ትቶ መነሳት አይችልም።

«የዳግም ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ይደርሳል» አለኝ አያ ካሤ። «ያኔ ይነገራታል። ጎጡ ሙሉ ያውቃል፤ ሕፃን እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሁለት ወር ጠብቀናታል። አደራሽን፣ በዚህ በመጠይቅሽ እንዳታፈርሺብን!»

«ምን ቆርጦኝ!» አልኩት። «በሞቴ አይዞህ፣ አያ ካሤ።»

እዚያው ካቡ ላይ ተቀመጥኩና ታብሌቱን ከፈትኩ። ብልጥ መሆኔ ነው። የቤተሰቡን ዝርዝር እሷን ሳልጠይቅ ከካሤ አፍ ሞላሁት፤ ስለ ልጁ ላለመጠየቅ። ሁለት ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። ማን ያየኛል? ግን የሞተ ሰው ቆጥሬ መጠይቄ ሊበላሽ? የሸጌ መረጃ? የቤተሰብ ብዛት፦ አንድ። ለሥራ ርቆ የሄደ፦ የለም። ጻፍኩና ተነሳሁ።

ደጇ ላይ ስንደርስ ገብስ ታሰጣ ነበር። ደረቅ ያለች፣ አጭር፣ ሃምሳ ገደማ የሆናት ሴት ናት፤ ዐይኗ ግን የልጅ ዐይን ነው፣ ሁሉን ነገር ይፈልጋል። አያ ካሤ ሰላም ብሏት «እኔ ከብቶቹን ልይ፣ እናንተ ጨርሱ» ብሎ ወደ ታች ወረደ። ሸሸ ብል ይሻላል። ሁለት ወር ሙሉ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሸሿት፤ ኋላ ነገረችኝ።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ» አለችኝና መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችልኝ። «ሰዓቱ አልደረሰ፣ ምን ላቅምስሽ ይሆን! ጾመኛ እንግዳ ያሳፍራል።» በአማርኛዋ ውስጥ የአገራችን ቋንቋ የኽምጣኛ ዜማ አለ። በኽምጣኛ ስመልስላት ደስታዋ! «ኧረ የኛው ነሽ!» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ በኋላ ወሬው እንዲያው እንደ ምንጭ ፈሰሰ። መጠይቅ ማስሞላት ትቼ መስማት ጀመርኩ።

በሰባ ሰባት ድርቅ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እርዳታ ፍለጋ ሲሰደዱ አባቷ መንገድ ላይ ቀረ፤ እናቷ ኮረም ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው አረፈች። ወንድሟን፣ ያን የዛሬውን ቄስ፣ በእናቷ ነጠላ አዝላ ኮረም የገባችው እሷ ናት። «ይኸውልሽ፣ አባቴ ወገቡ ላይ ብር ቋጥሮ ነበር» አለችኝ። «ከሱ ወገብ ፈትተን ይዘነው ሄድን። የሚገዛ እህል ከየት ይምጣ? ብር አትብዪኝ።»

ኋላ ተመልሳ አገባች። አሳምነው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ባሏ በአንድ ሳምንት ሕመም ሞተባት። ባሏ የተወላት አራት ቀፎ ነበር። «ሴት ንብ አይሆንላትም» ብለው ቀፎዎቹን ከሷ ሊገዙ መጡ። እምቢ አለች። ዛፍ ላይ ወጥታ ቀፎ ሰቅላለች፣ ስትነደፍ ፊቷ አብጦ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ሴቶቹ ስቀውባታል። አራቱ ቀፎ አሥራ አንድ ሆነ። በዚያ ማር ልጇን እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተማረችው።

«ታዲያ እማማ፣ ገንዘብ ሲያገኙ የት ያስቀምጣሉ?» አልኳት፤ ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ።

ሳቀች። «ገንዘብ አላስቀምጥም። ማር ነው የማስቀምጥ። ማር አይበላሽ፣ ማር አይረክስ። ሲቸግረኝ አንድ ቅል ይዤ ገበያ እወጣለሁ።» ተነስታ ከጓዳ በር ላይ መጋረጃውን ገለጠችልኝ። አንድ ትልቅ ገንቦ አለ፣ አፉ በጭቃ የተመረገ። «ያ ግን አይነካም። የአሳምነው ሠርግ ነው። ጠጁ ከዚያ ነው የሚጣል።»

«ባንክ ሄደው ያውቃሉ?» ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሮጥኩ።

«አንድ ጊዜ። አሳምነው ነው የወሰደኝ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ‹ስልክ ቁጥር አለሽ?› አለኝ። የለኝም። ‹መታወቂያ?› የለኝም። ‹ታዲያ ለምን መጣሽ?› አለኝ። ልጄ ተቆጣ፤ ሊጣላው። እኔ ጎትቼ አወጣሁት። ስንመለስ መንገድ ላይ ‹ግድ የለም እምዬ፣ እኔ ስልክም መታወቂያም አወጣለሁ፣ በኔ ስም ታስቀምጫለሽ› አለኝ። መተማ የወረደውም ለዚያው ስልክ መግዣ ነው።»

እየቆየ ወደ መጨረሻው ደረስን፤ የምፈራው ጥያቄ መጣ። «እማማ፣ ደብተሩ በማን ስም ይሁን?»

«በአሳምነው ነዋ!»

«በእርስዎ ስም ቢሆን አይሻልም? እርስዎ እዚሁ ነዎት። ከፋሲካ በኋላ በአካል መቅረብ አለ…»

«ለፋሲካ ይመጣል» አለችኝ ቆጣ ብላ። «ወንድ ልጅ እያለኝ፣ የተማረ ልጅ እያለኝ፣ እኔ ጣቴን ቀለም ውስጥ ልነክር? ጻፊው። አሳምነው ዓለሙ በይ።»

ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ታብሌቱ የሷን ስም ብቻ ነበር የሚያሳየኝ። ብችልስ የሱን ስም ብጽፍ ቤቷ ይሰረዛል። «እሺ፣ ጻፍኩት» አልኳትና የሷን ነካሁ። ስዋሽ ዐይኗን አላየሁም።

ከዚያ እየሸሸሁ ያቆየሁት አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ቤቱ ላይ የደረሰ ችግር። ድርቅ፣ የከብት በሽታ፣ የቤተሰብ ሞት እያሉ ማንበብ ነው። ሞትን ዘለልኩት። «ክረምቱ አጠረብን» አለችኝ፣ «አንድ ፍየልም ጅብ ወስዶብኛል። ሌላማ ምን ደርሶብኝ? እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ዓመት ነው።» አቤት! ቶሎ ጨርሼ መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ግን ማንበብ አለ። ዓለምነህ ይሰማል። ጀመርኩ፤ ስድስት ዓመት ያነበብኩት ነገር ነውና አፌ ብቻውን ይሄዳል። ልቤ ሁሉ ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ የደብተሩ ስም ላይ ስደርስ «አሳምነው» ብዬ እንዳነብላት እየተዘጋጀሁ ነው። ያችን ብቻ ነበር የምጠብቃት። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ረስቻቸዋለሁ፤ እዚያ ካቡ ላይ የሞላኋቸውን።

«የቤቱ ኃላፊ፣ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት። የቤተሰብ ብዛት፣ አንድ። ለሥራ ርቆ የሄደ፣ የለም። የቤቱ ጣሪያ…»

«ቆይ» አለችኝ። «አንድ ነው ያልሽው?»

ማንበቤን አቋረጥኩ።

«ተሳስተሻል የኔ ልጅ። ሁለት ነን። እኔና አሳምነው። ርቆ የሄደም አለ፣ መተማ ነው ያለው አላልኩሽም?»

እዚህ ላይ ስቄ «አይ የኔ ነገር! ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ማንም ሰው የሚለው ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳወራ የምውል ሴት አንዲት ቃል አጣሁ። ዐይኔን ወደ በሩ አዞርኩ፣ አያ ካሤ ቢመጣልኝ ብዬ። ማዞሬን አየች።

ከዚያ በቀስታ፣ በኽምጣኛ፣ «ካሤ ነው የነገረሽ?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ መደቡ ላይ ቁጭ አለች፤ እንደ ደከመው ሰው፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። «መቼ ነው?» አለችኝ።

«እማማ…»

«ንገሪኝ። አንዴ ገብተሽበታል። መቼ ነው?»

«ጥር አሥራ ሦስት። ወባ ነው አሉ።»

በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። አውራ ጣቷን በየአንጓዋ ላይ እያሳለፈች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ሁላችንም ሰው ሲሞትብን የምንቆጥረው ያችኑ ነው፤ አርባውን። የካቲት ሃያ ሁለት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እሑድ ነበር» አለች። «የካቲት ሃያ ሁለት እሑድ ነበር።»

ከዚያ የነገረችኝን እስክሞት አልረሳውም። ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፤ ከዚያ ዛፉ ሥር ዳቦና ንፍሮ ቀረበ። የማን አርባ ነው ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ ተያዩና «የመንገደኛ ነው፣ ባዳ አገር የሞተ፣ ዘመድ የሌለው» አሏት። አሳዘናት። ከንፍሮው ዘግና በላች። «እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «‹ምስኪን! እናቱ የት ይሆን ያለችው? እናቱን ያጽናት› አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሁሉም አጎነበሱ። እኔ ለባዳ አዝነው ነው ብዬ። የልጄን ንፍሮ በላሁ። ጣፈጠኝ፣ ልጄ። ርቦኝ ነበርና ጣፈጠኝ።»

እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ። እሷ ዕንባ የላትም፤ ዐይኗ ፍጥጥ ብሎ ቀረ። ጥፋቴን፣ ስንፍናዬን፣ ትዕቢቴን ሁሉ ለመንገር «እማማ አፈር ስሆን፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ስላት እጄን ያዘችው።

«መርዶው መቼ ነው? ቀን ቆርጠዋል አይደል?»

«የዳግም ትንሣኤ ማግስት። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ሲመጡ።»

«ወንድሜን እየጠበቁ ነው።» ራሷን ነቀነቀች። «ብቻዬን እንዳልሰማ ብለው ነው። ጾሙን በሰላም እንድፈታ ብለው ነው። አየሽ፣ ሁለት ወር ሲሸሹኝ ጠልተውኝ መስሎኝ ነበር። ምን በደልኳቸው ስል ነበር። እንዲህ ደክመውልኝ! ካሤ አሁን ማወቄን ቢሰማ ምን ይሆናል? በቅሬው ፊት ያፍራል። አንቺንም እንጀራሽን ያሳጡሻል።» ጨበጥ አደረገችኝ። «አልሰማሁም። ገባሽ? እኔ ምንም አልሰማሁም። ሰኞ ይነግሩኛል፣ ያኔ አለቅሳለሁ። ማዪልኝ።»

«አራት ሳምንት እኮ ነው፣ እማማ! ብቻዎን እንዴት አድርገው…»

«ማዪልኝ አልኩሽ።»

ማልኩላት።

ከዚያ ዕንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችልኝና ወደ ታብሌቱ አመለከተች። «ያን የስም ነገር፣ የኔን ጻፊው።» ቀድሜ እንደጻፍኩት ነገርኳት። «ቀድመሽ ጽፈሽዋል» አለች። ቀጥላም «የዘለልሽው ጥያቄስ አለ?» አለችኝ። ይህቺን ሴት ማታለል አይቻልም። አለ፣ ሞት ደርሶ እንደሆን የሚጠይቀው አለ አልኳት።

«እሱን ጻፊው» አለች። «እኔ ለሰው መናገር አልችልም። ወረቀቱ እንኳ ይወቅልኝ።»

ጻፍኩት። የቤተሰብ ሞት፦ አለ። ከዚያ የተቀዳውን አጥፍቼ ሁሉንም እንደገና አነበብኩላት፤ እሷ ፈልጋ ነው። በየመስመሩ «እሺ» ትላለች። አንድ ስል «እሺ» አለች።

አያ ካሤ ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ አሰማ። እሷ ብድግ ብላ ውኃ አቀረበችለት፤ «ይቺን የመሰለች የኽምራ ልጅ ይዘህ መጥተህ ጥለህብኝ ትጠፋለህ?» ብላ ቀለደችበት። ሳቀ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ስንወጣ መንገድ ላይ «ጎበዝ ነሽ፣ ትንፍሽ አላልሽ» ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናው እንደ ጥፊ ነው ያረፈብኝ።

አራቱን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈችው ማንም አያውቅም። ሰቆጣ ሆኜ አስባት ነበር፦ ገበያ ስትወጣ፣ ሰው «አሳምነው ደኅና ነው?» ብሎ ለማስመሰል ሲጠይቃት፣ እሷም ለማስመሰል «ለፋሲካ ይመጣል» ስትል። ሁሉም እያወቀ ሁሉም እየዋሸ። በስቅለት ሰግዳለች፣ በፋሲካ ከጎረቤት ጋር ዶሮ ወጥ ቀምሳለች። በሷ ቦታ ብሆን አብድ ነበር።

የዳግም ትንሣኤ ለት ከአምደ ወርቅ ተነስቼ ጎጡ ገባሁ፤ አያ ካሤ ቤት አደርኩ። ሰኞ ሰማዩ ገና ሲገረጣ ሰባ ሰማንያ ሰው ሆነን ያለ ድምፅ ቤቷን ከበብን። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ከፊት ነው። በሩን አንኳኳ። ቶሎ ከፈተች፤ ቀድማ ለብሳ ነበር። «ወንድሜ፣ ምነው በማለዳው? ደኅና ነህ?» አለች። ድምፅዋ ልክ ነው፤ የማታውቅ ሰው ድምፅ ነው።

«አሳምነው አረፈ፣ እህቴ» አላት።

ሴቶቹ ዋይታውን አቀለጡት። እኔ እሷን ነው የማይ። አፏን ከፈተች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ሊመጣላት ነው አልኩ። አልመጣም። ድምፅ የለም፣ ዕንባ የለም። ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳችና እጇ እዚያው ቆመ። እንደገና ሞከረች። ሴቶቹ ያዟት፤ «ኧረ አልቅሺ! ኧረ ይውጣልሽ!» እያሉ ይነቀንቋታል፤ አንዷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ሙሾ አውራጇ የአሳምነውን ስም እየጠራች ቁመናውን ስታወድስ ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ወለተ ሰንበት መሐል ቆማ ግራ እንደገባው ሰው ትዞራለች። በመጨረሻ እኔን አገኘችኝ። ጠጋ ስላት በጆሮዬ «እምቢ አለኝ፣ ልጄ» አለችኝ። «አስቀምጬ አስቀምጬ፣ አሁን ሲሉኝ እምቢ አለኝ።»

ያኔ እኔ ጮህኩ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ ጸጉሬን ነጨሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለእሱ ይሁን፣ ለእሷ፣ ለዚያች «አንድ» ብዬ ላነበብኳት ቃል። ሰዎች እኔን ማጽናናት ያዙ። ከሐዘንተኛዋ ይልቅ ውኃ የተረጨው እኔ ላይ ነው።

ወሬው የተነሳው ከዚያ ለት ነው። ደሃና ገበያ ብትሄዱ ይነግሯችኋል፦ «ወለተ ሰንበት ላንድ ልጇ አንዲት ዘለላ ዕንባ አላፈሰሰችም፤ ብር የምትጠይቀዋ የሰቆጣ ልጅ ናት ያለቀሰችለት።» «ከድርቁ ጊዜ ጀምሮ አንጀቷ ድንጋይ ነው» ይላሉ። «መታወቂያና ደብተር በስሟ ለማውጣት ተቻኩላ አምደ ወርቅ ወርዳለች» ይላሉ። እሷ እየሰማች ታልፋለች። እኔን ደግሞ ባዩኝ ቁጥር አንገቴን አቅፈው ይስሙኛል፤ አንቺ ሩኅሩኅ ይሉኛል። ሦስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ፣ የማልኩት ትዝ እያለኝ ዘግቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዷ እፊቴ ደገመችው፣ «የራሷ እናቱ ያላለቀሰችለትን» ብላ። ደሜ ፈላ። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እነሆ ቃሌን አፈረስኩ። እማማ ወለተ ሰንበት ትቆጣኝ ይሆናል። ትቆጣኝ። ልጇን በአራት ሳምንት ውስጥ ብቻዋን በሆዷ አልቅሳ ጨርሳዋለች፤ ያስጨረስኳት እኔ ነኝ።